ስለ ፍጥነትና ስለ ልኩ
የቤት ኮምፒዩተርን ያለ ጉዳት ስለ ማፍጠን በለሚ ኩራ የተደረገ ዲስኩር



በየቤታችን ያለውን ኮምፒዩተር ሠሪዎቹ ከወሰኑለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ይቻል እንደ ሆነ፣ የሚቻልም ከሆነ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ሳይጎዱ በምን ሥርዓትና በምን ጥንቃቄ ሊደረግ እንደሚገባ እንድናገር ጋብዛችሁኛል። ርእሱን የመረጣችሁት እናንተው ናችሁ፤ እኔም በደስታ የተቀበልሁት፣ ሰው ሁሉ አዲስ ዕቃ ስለ መግዛት በሚያስብበት በዚህ ዘመን፣ በእጁ ባለው ዕቃ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ዐቅም እንዳለ ለመመርመር የሚነሣ ወጣት ትልቅ ተስፋ የሚጣልበት ሆኖ ስለሚታየኝ ነው።

ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም. የከተማችን የአዲስ አበባ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ የተቋቋመው ለሚ ኩራ፣ አይሲቲ ፓርክን በጉያው የያዘ ነው። በዚያ ግቢ እንደ ራክሲዮና እንደ ዊንጉ ያሉ ኩባንያዎች የመረጃ ማዕከሎቻቸውን አቁመው፣ በባትሪና በጄኔሬተር የተጠበቁ፣ ቅዝቃዜያቸው በልክ የተያዘ ማሽኖች ሌትና ቀን ይሠራሉ። እንዲህ ባሉ ማዕከሎች የሚያገለግሉ ማሽኖች ራማቸው ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ የሚያርም ነው፤ ከተወሰነላቸው ፍጥነት በላይ ሊገፋቸው የሚደፍር ባለሙያም አይገኝም። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ግን፣ በሰሚት ወይም በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በአንዱ ፎቅ ላይ፣ አንዲት የኪነ ሕንፃ ተማሪ የመመረቂያ ንድፏን በኮምፒዩተሯ ላይ አድርጋ ሥዕሉ ተሠርቶ እስኪጠናቀቅላት ሌሊቱን ስትጠብቅ ታድራለች፤ በሌላው ቤት የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወንድማችን ደንበኛው በቀጠረው ቀን ለማድረስ ይጨነቃል። የእነዚህ ሰዎች ማሽን ጄኔሬተር የለውም፤ ስሕተቱን የሚያርም ራምም የለውም፤ ጠባቂው ባለቤቱ ብቻ ነው። ዲስኩሬም ለእነዚህ ሰዎች ነው።

አስቀድሜ ፍጥነት የምንለው ነገር በማሽኑ ውስጥ ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥዬ ፍጥነት ሲጨምር ስለሚከተለው ሙቀትና ስሕተት፣ ከዚያም በእኛ ከፍታና በእኛ መብራት ላይ ነገሩ ለምን ልዩ ጥንቃቄ እንደሚሻ፣ በመጨረሻም ስለ ራምና ስለ ፕሮሰሰር አሠራር እናገራለሁ። በሁሉም ውስጥ ደጋግሜ የማነሣው ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም፣ የሚዘገይ ኮምፒዩተር ጊዜያችንን ሲወስድ የሚሳሳት ኮምፒዩተር ግን ሥራችንን ያጠፋልና፣ ያለ ስሕተት መሥራቱ ያልተፈተነ ፍጥነት እንደ ትርፍ ሊቈጠር አይገባውም የሚል ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ እንግባ። በፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት በቢሊዮን የሚቈጠሩ ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች ሁሉ እያንዳንዳቸው እንደ ፈቀዱ አይሠሩም፤ አንድ ምት አለ፤ በእርሱ ይነሣሉ፣ በእርሱ ይቀመጣሉ። በበዓል ሌሊት ማሕሌት የቆመ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል፤ ከበሮው በዝግታ ሲመታ መቋሚያውና ጸናጽሉ በዝግታ ይሄዳሉ፣ ምቱ ሲፋጠን ሁሉም አብረው ይፋጠናሉ፣ ነገር ግን ከበሮ መቺው ያለ ልክ ቢያፈጥነው ከማኅበሩ መካከል አንዱ ሳይደርስበት ይቀርና ዜማው ይፈርሳል። በኮምፒዩተርም ምቱ ከሁለት ቍጥሮች ብዜት ይገኛል፤ መሠረታዊው ምት በአብዛኛው 100 ሜጋኸርዝ ነው፤ ማባዣው 40 ቢሆን ፕሮሰሰሩ በሴኮንድ 4 ቢሊዮን ጊዜ፣ ማለት በ4 ጊጋኸርዝ ይመታል። ማባዣውን ወደ 42 ከፍ ብናደርገው 4.2 ይሆናል። ኦቨርክሎክ እየተባለ የሚጠራው ሥራ በፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ ሥራ ትናንት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 አይቢኤም ኤቲ የተባለውን ኮምፒዩተር በ6 ሜጋኸርዝ አድርጎ ባወጣው ጊዜ፣ ገዢዎቹ በውስጡ ያለውን ባለ 12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ነቅለው በባለ 16 እየተኩ ወደ 8 ሜጋኸርዝ ያሳድጉት ነበር፤ ኩባንያውም በኋላ ፍጥነቱን የሚመረምርና አልነሣም የሚል ፍተሻ ኮምፒዩተሩን በሚያስነሣው ባዮስ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ፤ መሠረታዊ ምቱ 66፣ ማባዣው 4.5 ነበረና፣ ብዙ ሰዎች ምቱን ወደ 100 ከፍ እያደረጉ 300 የተባለውን በ450 ሜጋኸርዝ አሠሩት። ይህ በነፃ የተገኘ 50 በመቶ ጭማሪ ነበር። ወጣቱ ሁሉ ስለ ኦቨርክሎክ ሲሰማ ልቡ የሚነሣው ከዚያ ዘመን በተረፈው ዝና የተነሣ ይመስለኛል።

ነገር ግን ያ ዘመን አልፏል። የዛሬ ፕሮሰሰር ከፋብሪካው ሲወጣ ራሱን በራሱ የሚያፋጥን ነው፤ ለምሳሌ የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን 5 5600ኤክስ መነሻው 3.7 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ሙቀቱና ኃይሉ እንደ ፈቀደለት እስከ 4.6 ድረስ ያለ ማንም ትእዛዝ ይወጣል። ሠሪዎቹ በፊት ለጥንቃቄ ይተዉት የነበረውን ትርፍ ዐቅም አሁን ራሳቸው አስልተው ጨርሰውታልና፣ እኛ በእጃችን የምንጨምረው ከፋብሪካው ከተረፈው ጥቂት ነው። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. አንድ የኢንቴል ፕሮሰሰር በፈሳሽ ሂሊየም እየቀዘቀዘ ከ9 ጊጋኸርዝ በላይ መድረሱን አንብባችሁ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ክብረ ወሰን ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚቆም ነውና፣ ነገ ጠዋት ሥራ ለሚጠብቀው ሰው መለኪያ አይሆነውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ይኸውም ወደ ሙቀትና ወደ ስሕተት እንለፍ። ምቱ ሲፋጠን እያንዳንዱ ማብሪያ ለመነሣትና ለመቀመጥ የሚያገኘው ጊዜ ያጥራል፤ በዚያ ባጠረ ጊዜ ውስጥ እንዲደርስ ከተፈለገ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ መከራውም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በቮልቴጁ ስኩዌር ያድጋል። አንድ ፕሮሰሰር በ4.0 ጊጋኸርዝና በ1.20 ቮልት 100 ዋት ይበላል እንበል፤ ባለቤቱ ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ ሊያወጣው ፈልጎ ቮልቴጁን 1.35 ቢያደርገው፣ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲያድግ ኃይሉ ወደ 139 ዋት ይወጣል። ለ10 በመቶ ጥቅም 39 በመቶ ሙቀት መክፈል ማለት ነው። ይህን ስሌት ከማንኛውም ምክር ይልቅ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ጉዳት የሚያመጣው ከፍጥነቱ ይልቅ ቮልቴጁ መሆኑን በግልጽ ያሳያልና።

ቮልቴጅ ምን ያህል ኃይለኛ ነገር እንደ ሆነ ከሠሪዎቹም ታሪክ እንማራለን። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከነማዘርቦርዳቸው ተቃጠሉ፤ ኤኤምዲም ኤስኦሲ ቮልቴጅ የተባለው ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ ወሰነ፤ ይህ ቮልቴጅ የሚነሣው ደግሞ በብዛት ለራም ፍጥነት ተብሎ ነው። በተከታዩ ዓመት ኢንቴል የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደ ተጎዱ አምኖ፣ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ቮልቴጁን በ1.55 የሚገታ የማይክሮኮድ ማሻሻያ አወጣ፤ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። መሐንዲሶችና ቤተ ሙከራ ያላቸው ኩባንያዎች እንኳ በዚህ ከተሰናከሉ፣ እኛ በአንድ ሌሊት ጉጉት ቍጥሩን ወደ ላይ መግፋት እንደማይገባን ግልጽ ነው። ዋስትናን ካነሣሁ ዘንድ ይህንም ልጨምር፤ ኢንቴልም ኤኤምዲም በኦቨርክሎክ ምክንያት የመጣ ጉዳት በዋስትናቸው አይሸፈንም ይላሉ፤ ዘመድ ከውጭ አገር በሻንጣ ይዞት ለመጣ ዕቃማ ወትሮውንም ዋስትናው ስሙ ብቻ ነው። ጉዳቱ ቢደርስ ሙሉ ዕዳው በእኛ ላይ ይወድቃል።

ሆኖም ብዙ ሰው የሚፈራው መቃጠልን ነው፤ እኔ ግን ከመቃጠል ይልቅ የምፈራው ዝም ብሎ መሳሳትን ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከወሰኑ ሲደርስ፣ ማለት በብዙዎቹ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ራሱን ያዘገያል፤ ከዚያም ካለፈ ይጠፋል። ለስሕተት ግን እንዲህ ያለ ልጓም የለውም። በራም ውስጥ ዜሮ የነበረ አንድ ቢት አንድ ሆኖ ቢገኝ ኮምፒዩተሩ አይጮኽም፤ የተበላሸውን ቍጥር ተቀብሎ ይሠራበታል፣ በዲስክም ላይ ይጽፈዋል። ከሳምንታት በኋላ የሠርጉ ፎቶግራፍ ሲከፈት ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይገኛል፤ የተማሪዋ ንድፍ አልከፈት ይላል፤ የሱቁ የሂሳብ መዝገብ ይዛባል፤ ባለቤቱም ቫይረስ ነው ብሎ ዊንዶውሱን እየደጋገመ ያስጭናል፤ ምክንያቱ ግን በዚያች ሌሊት ያለ ፈተና የተነሣው የራም ፍጥነት ነው። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፦ ያልተፈተነ ፍጥነት ትርፍ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥቤ ስለ አገራችን ጠባይ ነው፤ በዚህም ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ የምናነበው ምክር አብዛኛው በባሕር ጠረፍ ወይም በዝቅተኛ ስፍራ በሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በየቀኑ በራሳችን ላይ የሚያልፉት አውሮፕላኖች ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ የሚፈልጉት በዚሁ በሳሳው አየር ምክንያት ነው። የኮምፒዩተራችን ፋንም ያንኑ አየር ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ በደቂቃ የሚያዞረው የአየር ይዘት ባይለወጥም፣ የአየሩ ክብደት በሩብ ስለሚያንስ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም በዚያው መጠን ያንሳል። በባሕር ጠረፍ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሲያልፍ 10 ዲግሪ የሚሞቅ አየር፣ ለዚያው ሙቀት በእኛ ዘንድ 13 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የዚህ ከተማ አየር ቀዝቃዛ ነው። በዱባይ ወይም በሰመራ የክፍሉ ሙቀት ወደ 40 ሲጠጋ በእኛ ቤት 20 አካባቢ ሊሆን ይችላልና፣ የሳሳው አየር የወሰደብንን ቅዝቃዜው ይመልስልናል። ግን ሁለቱን ሚዛን ላይ ሳያስቀምጥ «አገራችን ቀዝቃዛ ናት፣ ምንም አይሆንም» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ አይቷል። በዚህ ላይ የአቧራው ነገር አለ። መንገዱና ሕንፃው ገና በመሠራት ላይ ባለ ሰፈር የምንኖር ሰዎች፣ በበጋ ወራት መስኮት ከፍተን ስንውል በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ምን ያህል አቧራ እንደሚከማች እናውቃለን። ከማንኛውም ኦቨርክሎክ በፊት ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ የፋኑን ክንፍ በጣት ይዞ በንፋስ ማጽዳት፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ደርቆ የተሰነጠቀውንም ቴርማል ፔስት ጠርጎ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል አዲስ ማድረግ ይገባል። በብዙ ቤት ይህ ብቻ ፕሮሰሰሩ ራሱን ማዘግየቱን እንዲተው ያደርገዋል፤ ባለቤቱም ሊፈልገው የወጣውን ፍጥነት ሳይደክም ያገኘዋል።

ስለ መብራትም እንነጋገር። በእኛ ሰፈር መብራት መሄዱ ብቻ ሳይሆን አመጣጡም ችግር ነው፤ ምሽት ላይ ጎረቤት የእንጀራ ምጣዱን ሲሰካ፣ አንድ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ አምፖሉ ሲደበዝዝ ሁላችንም አይተናል። 220 መሆን የሚገባው ቮልት በዚያ ሰዓት ወርዶ ይገኛል። ደኅና ፓወር ሰፕላይ ይህን ይችለዋል፤ ነገር ግን መብራቱ ፈጽሞ ቢቋረጥ በውስጡ ያከማቸው ኃይል የሚበቃው ለ16 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው፤ ይህ ከአንድ የኮረንቲ ዙር ያንሳል። በከፍተኛ ፍጥነትና ያለ ትርፍ ዐቅም የሚሠራ ኮምፒዩተር እንዲህ ያለውን መናወጥ የሚችልበት ጉልበት አነስተኛ ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ የተባለ የባትሪ መጠባበቂያ የሌለው ሰው ኦቨርክሎክ ከማድረጉ በፊት ዩፒኤስ ይግዛ ብዬ በግልጽ እመክራለሁ። በተለይ ባዮስ በሚታደስበት ደቂቃ መብራት ቢሄድ ማዘርቦርዱ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላልና፣ ባዮስን ያለ ዩፒኤስ ማደስ አይገባም።

ፓወር ሰፕላዩንም መመርመር ያስፈልጋል። በገበያችን በላያቸው ላይ 600 ዋት ተብሎ የተጻፈባቸው፣ በእጅ ሲመዘኑ ግን ባዶ ቆርቆሮ የሚመስሉ ሞልተዋል። ከትልቁ ጽሑፍ ይልቅ በጎኑ ባለው ሰንጠረዥ ላይ በ12 ቮልት መሥመር የተጻፈውን አምፔር አይታችሁ በ12 አባዙት፤ 25 አምፔር ቢሆን ለፕሮሰሰሩና ለግራፊክስ ካርዱ የሚደርሰው 300 ዋት ነው፤ በላዩ የተጻፈው 600 ባዶ ስም ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ አሠራሩ ደርሰናል። በቅድሚያ ግን ብዙዎቻችሁን የሚመለከት እውነት ልናገር። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ወጥተው በመገናኛና በመርካቶ ሱቆች የሚሸጡት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ኮምፒዩተሮች፣ ላፕቶፖችም በአብዛኛው፣ ማባዣቸው የተቈለፈ ነው። በኢንቴል በኩል በተለምዶ ማባዣው የሚከፈተው በስሙ መጨረሻ ኬ የሚል ፊደል ላለው ፕሮሰሰር፣ ያውም ዜድ በሚባለው ቺፕሴት በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ ሲሆን ነው። በኤኤምዲ በኩል የራይዘን ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ክፍት ናቸው፤ ማዘርቦርዱ ግን ቢ ወይም ኤክስ ከሚባሉት ወገን መሆን አለበት፤ እንደ ኤ320 ያለው ርካሹ አይፈቅድም። ማሽኑ የተቈለፈበት ሰው ግን ተስፋ አይቍረጥ። ባለ አንድ ፍሬ ራም ከሆነ፣ ዓይነቱንና ፍጥነቱን የሚመስል ሁለተኛ ፍሬ በትክክለኛው ቀዳዳ ቢጨምርበት፣ ራሙ በአንድ መሥመር ፈንታ በሁለት መሥመር ይሠራል፤ የመረጃ መተላለፊያው ስፋት ከ64 ወደ 128 ቢት በእጥፍ ያድጋል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ኮምፒዩተር፣ ለምሳሌ ራይዘን 5 5600ጂ ላለው፣ ሥዕሉን የሚሠራው ክፍል ያንኑ ራም ስለሚጠቀም ከዚህ የሚበልጥ ማሻሻያ በቀላል ዋጋ አይገኝም። አንዲት ቮልት ሳይጨምር፣ አንዲት ዲግሪ ሳያስፈራ የሚገኝ ፍጥነት ነው።

ማዘርቦርዱ ለሚፈቅድለት ሰውም መጀመሪያ ራሙን እንዲያይ እመክራለሁ። 3200 ተብሎ የተገዛ ዲዲአር4 ራም ተሰክቶ ሲነሣ ብዙ ጊዜ በ2133፣ በ2400 ወይም በ2666 ነው የሚሠራው፤ 3200ው የሚሠራው ባለቤቱ በባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የተባለውን ሲያበራ ነው፤ ለአዲሱ ዲዲአር5 በኤኤምዲ በኩል ኤክስፖ ይባላል። ከእናንተ መካከል ገንዘቡን ለ3200 ከፍሎ ለዓመታት በ2133 ሲሠራ የኖረ እንዳለ አልጠራጠርም። ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ሜሞሪ ከሚለው ሥር ፍጥነቱን ተመልከቱ። ሲፒዩ-ዚ በተባለው ፕሮግራም የምታዩ ከሆነ ግን 1600 ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ 1600ው 3200 ማለት ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሌላው ነገር፣ የራም ፍጥነት በዚህ ቍጥር ብቻ አለመመዘኑን ነው፤ ሲኤል የሚባለው የመዘግየት ቍጥርም አለ። በ2133 ላይ ሲኤል 15 የሆነ ራም መልስ ለመስጠት 14 ናኖ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በ3200 ላይ ሲኤል 16 የሆነው 10 ናኖ ሴኮንድ ይበቃዋል፤ በ3600 ላይ ሲኤል 18 የሆነውም ያው 10 ነው። ስለዚህ በዋጋ እጅግ የሚበልጠው ራም በመዘግየቱ ምንም ላይሻል ይችላል፤ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አስሉት።

ኤክስኤምፒ ሲበራ የዲዲአር4 ቮልቴጅ ከ1.2 ወደ 1.35 ይወጣል፤ ይህም የራሙ ሠሪ የፈተነውና የጻፈው ስለ ሆነ አያስፈራም። ይሁን እንጂ የራሙ ሠሪ የእናንተን ፕሮሰሰርና የእናንተን ማዘርቦርድ አብሮ አልፈተነምና ፈተናው የእናንተ ነው። ራምን የሚፈትነውን ሜምቴስት86 የተባለ ፕሮግራም በፍላሽ ጭናችሁ፣ ኮምፒዩተሩን በእርሱ አስነሥታችሁ፣ አራቱን ዙር እስኪጨርስ ተዉት፤ ሌሊቱን ቢፈጅም ይፍጅ። በማግሥቱ ጠዋት የሚታየው የስሕተት ቍጥር ዜሮ መሆን አለበት። «አንድ ብቻ ነው» ማለት በዚህ ስፍራ ተቀባይነት የለውም፤ አንድ ስሕተት ከተገኘ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ አውርዶ ደግሞ መፈተን ይገባል። ኮምፒዩተሩ ፈጽሞ አልነሣ ቢል ደግሞ፣ ማዘርቦርዱ ራሙን ለመልመድ ጥቂት ጊዜ እየጠፋ ይነሣ ይሆናልና በትዕግሥት ጠብቁት፤ ካልሆነም ገመዱን ነቅላችሁ ሲአር2032 የምትባለዋን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሷት፤ ባዮሱ ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ ይመለሳል።

ራሙ ከጸና በኋላ ብቻ ወደ ፕሮሰሰሩ ይኬዳል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚነካ ሰው ስሕተት ሲመጣ ከየትኛው እንደ መጣ አያውቅም። በመጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ሲኒቤንች የተባለውን የፍጥነት መለኪያ አሠሩና ውጤቱን፣ ኤችደብሊው ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም የሚታየውንም ሙቀትና ቮልቴጅ ጻፉ። ከዚያ ማባዣውን በአንድ፣ ማለት በ100 ሜጋኸርዝ ብቻ ከፍ አድርጉ፤ ቮልቴጁን አትንኩ፤ ሩብ ሰዓት ያህል በከባድ ሥራ ፈትኑ፤ ሙቀቱን እዩ፤ ጻፉ። እንዲህ እያላችሁ እስከ መጀመሪያው መሰናክል ድረስ ሂዱ፤ መሰናክሉ ሲመጣ ብዙ ሰው ቮልቴጅ ይጨምራል፤ እኔ ግን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ እዚያ ላይ መቆምን እመርጣለሁ። በከባድ ሥራ ላይ ሙቀቱ 85 ዲግሪ ካለፈ በእኔ ፍርድ ጕዞው አብቅቷል፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ መስኮቱን የምትመታበት ክፍል ሌሊት ከተፈተነበት የበለጠ እንደሚሞቅ ማሰብ ያስፈልጋልና። የመጨረሻውን ፈተና ለፕራይም95 ስጡት፤ ይህ ፕሮግራም መርሰን የሚባሉትን ታላላቅ ብቸኛ ቍጥሮች ለመፈለግ የተሠራ ሲሆን፣ ስሌቱ በጥቂት እንኳ ሲዛባ ዐውቆ የሚቆም ስለ ሆነ፣ ዝም ያለውን ስሕተት ያጋልጣል።

ለእኛ አገር ከሁሉ የሚስማማው ግን ሌላው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም ቮልቴጁን ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነው። በቅርብ የወጡ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚባል ማስተካከያ አላቸው፤ በእርሱ ለያንዳንዱ ኮር የሚሰጠውን ቮልቴጅ በትንሽ በትንሹ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ቮልቴጁ ሲወርድ ሙቀቱ በስኩዌር ይወርዳል፤ ሙቀቱ ሲወርድ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያገኘውን ትርፍ ተጠቅሞ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ ይቆያል። የፋኑም ድምፅ ይቀንሳል፤ ዩፒኤሱም መብራት ሲሄድ ረዘም ላለ ደቂቃ ያገለግላል። አየሩ የሳሳበትና መብራቱ የማይታመንበት ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ይህም ቢሆን ያው ፈተና ይገባዋል፤ ቮልቴጅ ሲያንስም ስሕተት ይመጣልና፣ በተለይ ኮምፒዩተሩ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ሰዓት ድንገት ቢጠፋ ወይም ቢነሣ ምልክቱ እርሱ ነው።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከመድረኩ ከመውረዴ በፊት አንድ ልመና አለኝ። በባሕር ጠረፍ የተጻፈ የሙቀት ሰንጠረዥ ለእኛ ልክ እንደማይሆን ነግሬአችኋለሁ፤ በዚህ ከፍታ፣ በዚህ መብራት የተመዘገበውን መዝገብ ሊያዘጋጅ የሚችለው በአያት፣ በጎሮ፣ በሰሚትና በአራብሳ የሚኖረው ባለ ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ በአንድ ደብተር ላይ የፕሮሰሰሩንና የራሙን ዓይነት፣ የክፍሉን ሙቀት፣ ሥራ ሲበዛበት የደረሰበትን ሙቀት፣ የሰጣችሁትን ቮልቴጅና የፈተናውን ውጤት ከነቀኑ ጻፉ፤ ያልተሳካውንም አትደብቁ፤ ጎረቤታችሁን ከኪሳራ የሚያድነው ያልተሳካው ነውና። በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቦቻችሁን አምጡ፤ አንድ ላይ አስተያይተን ለሰፈራችን የሚሆን ሰንጠረዥ እናውጣ። መዝገቡንም ዛሬ ማታ ጀምሩት፤ አስቀድማችሁ ግን ሥራችሁን ሁሉ በውጭ ዲስክ ላይ ገልብጡ።